ከማየት ወደ መፍረድ

ከእንጦጦ ተዳፋት ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚወርደው መንገድ የተመላለሳችሁ ሁሉ፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ጀርባቸው ጎብጦ የሚወርዱ እናቶችን ሳታዩ አልቀራችሁም። «ጋራውን ያራቆቱት እነዚህ ናቸው!» ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። ለመሆኑ ይህ ፍርድ ትክክል ነውን?

ታሪኩ ሌላ ይናገራል። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ እንጦጦ ላይ ከተሙ፤ በ1886 ደግሞ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። የዙሪያውን ጥድና ወይራ የጨረሰው የከተማው ማገዶና ግንባታ ነበር። እጥረቱ ከመክፋቱ የተነሳ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን ካቆዩዋት ነገሮች አንዱ በ1890ዎቹ መተከል የጀመረው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ ነባሩ ደን ያለቀው የዛሬዋ ተሸካሚ ከመወለዷ በፊት ነው። ቅጠሉ ሲጠረግ አፈሩ ለጎርፍ መጋለጡ አይካድም። ይሁንና ሸክሙን ገዝቶ እንጀራ የጋገረው ማን ነው? እሷ መንገድ ላይ ትታያለች፤ የገዢው ጓዳ ግን አይታይም።

የሥነ ልቦና ሊቃውንቱ ቴቨርስኪና ካነማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ለአእምሮው ቶሎ የመጣለትን ነገር ካለበት መጠን አብዝቶ እንደሚገምት አሳይተዋል። ሌላም ድክመት አለብን። አንዴ ከፈረድን በኋላ ዓይናችን የሚለቅመው ፍርዳችንን የሚደግፈውን ብቻ ነው። የራሳችንን ጥፋት «ቸግሮኝ ነው» እንላለን፤ የሌላውን ግን «ጠባዩ ነው» እንላለን።

ይህ በየቤታችን አለ። ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው የቤት ሠራተኛዋ ናት። ዝም ካለች «ጥፋተኛ ስለሆነች ነው»፣ ከተናገረች «ዓይን አውጣ» ትባላለች። ምን ብታደርግ ነጻ የማትወጣበት ችሎት ፍትሕ ሊባል ይችላልን? ገንዘቡ በማግስቱ ከኮት ኪስ ቢገኝ እንኳ የተሰበረ ልቧን ማን ይጠግነዋል?

ሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ከመጥፎ ጥርጣሬም እንድንርቅ ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። በስሕተት የተበደለ ወገን መብት አለው፤ ጸጸታችን ብቻውን አይክሰውም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ በሰው ላይ ሲፈርዱ ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ያላየኸው ምን አለ? ተቃራኒው እውነት ቢሆን ምን ምልክት ይታይ ነበር? አንተ በእሱ ቦታ ብትሆን ምን ትል ነበር? መጀመሪያ ግን እኛው ራሳችንን እንጠይቅ። ልጅ ከምክራችን ይልቅ አፈራረዳችንን ይማራልና።

አላህ ከመፍረዳችን በፊት የምናጣራ ያድርገን። አሚን።