ስለ መሣሪያና ስለ ሙያ

ሰው መሣሪያን ይሠራል፤ መሣሪያም በተራው ሰውን ይፈትነዋል። ማረሻ የገበሬውን ትዕግሥት፣ ብዕር የጸሐፊውን እውነተኛነት፣ ሚዛን የነጋዴውን ሕሊና ይገልጻል። እንግዲህ መሣሪያው እየረቀቀ በሄደ መጠን ከሰውየው የሚፈለገው መልካም ጠባይ ያንሳልን ወይስ ይበዛል? ዛሬ ብዙ ወጣቶች «መኪናው ራሱ ያስባል፤ ለሰው ቁልፍ መጫን ብቻ ይበቃዋል» ሲሉ ስለምሰማ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ።

ለምሳሌ የመረጥሁት ዴስትሮየር የተባለውን የጦር መርከብ ነው። «ወደብ የሌለን ሰዎች ስለ ጦር መርከብ ምን አገባን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም መርከበኛ አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ያሳለፍሁት በመምህርነት ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሰው፣ እጅግ የረቀቀ መሣሪያና የማይምር ባሕር በአንድነት በሚገኙበት ስፍራ የሙያ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ገሃድ ሆኖ ይታያል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴስትሮየር ማለት «አጥፊ» ማለት ነው። ስሙ ያስፈራል፤ አመጣጡ ግን እንዲህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ቶርፒዶ የሚተኩሱ ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ታላላቆቹን መርከቦች ማስጨነቅ በጀመሩ ጊዜ፣ እነዚህን ጀልባዎች እየተከታተለ የሚያጠፋ ሌላ ፈጣን መርከብ አስፈለገ። ስለዚህ ስሙ አጥፊ ቢሆንም ሥራው ጥበቃ ነበረ። የዛሬው ዴስትሮየር ግን ትንሽ አይደለም። በአሜሪካ ባሕር ኃይል በ1991 ሥራ የጀመረው የአርሌይ በርክ ዓይነት ርዝመቱ ከ150 ሜትር፣ ክብደቱም ከ8,000 ቶን በላይ ነው፤ አራት የጋዝ ተርባይን ሞተሮች ይነዱታል። በውስጡ ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ከወጡ ገና ጥቂት ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ብረት በራሱ ምን ይሠራል? ራዳሩ አንዲት ነጥብ ያሳያል፤ ያቺ ነጥብ ዓሣ አጥማጅ ትሁን ወይም ጠላት፣ ትቅረብ ወይም ትራቅ መርምሮ የሚፈርደው ግን ዘብ የቆመው ሰው ነው። መርከቡ ሌሊት ስለማይተኛ ሰዎቹ በተራ ይነቃሉ። አንዱ ጨለማውን በዓይኑ ይመለከታል፤ አንዱ በራዳር ክፍል ይቀመጣል፤ አንዱ መሪውን ይይዛል፤ አንዱ ሞተሩን ይጠብቃል። ከዚህም ሁሉ በላይ እያንዳንዱ መርከበኛ፣ ወጥ ቤቱም ጸሐፊውም ሳይቀር፣ እሳት ማጥፋትንና የሚገባ ውሃ ማገድን ይማራል። መርከብ በባሕር መካከል ሲቃጠል የሚጠራ እሳት አጥፊ የለምና።

አሁን ከዚሁ ከአንድ ዓይነት የሆኑ፣ መሣሪያቸውም የሚመሳሰል ሦስት መርከቦች የደረሰባቸውን ልናገር።

የመጀመሪያው «ኮል» ይባላል። በኦክቶበር 12 ቀን 2000 ከእኛው ቀይ ባሕር ማዶ፣ በኤደን ወደብ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ፈንጂ የጫነች አንዲት ትንሽ ጀልባ ከጎኑ ደርሳ ፈነዳች። የመርከቡ ጎን በሰፊው ተቀደደ፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። የቀሩት ግን የሞቱትን ጓደኞቻቸውን ለማልቀስ እንኳ ጊዜ ሳያገኙ ቀንና ሌሊት ከውሃው ጋራ ታገሉ። ፓምፑ በቆመ ጊዜ ተሰልፈው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ አወጡት። መርከቡ አልሰጠመም፤ ተጠግኖ በ2002 ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሁለተኛው «ፊትዝጄራልድ» ነው። በጁን 17 ቀን 2017 ከጃፓን ጠረፍ አጠገብ፣ ሰዉ ሁሉ በተኛበት ሌሊት፣ ከአንድ ታላቅ የጭነት መርከብ ጋራ ተጋጨ። ሰማዩ አልታወከም፤ ጠላትም አልነበረም። ነገር ግን ተረኛው መኮንን የሚቀርቡትን መርከቦች በሚገባ አልተከታተለም፤ ደንቡ እንደሚያዝዘው አዛዡን ከእንቅልፉ አልቀሰቀሰም፤ የማስጠንቀቂያ ፊሽካም አላሰማም። በራዳር ክፍል ያሉትና ላይ የቆሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው አልተነጋገሩም። ውሃው 35 ሰዎች የተኙበትን ክፍል በቅጽበት ሞላው፤ ከነዚህም 7ቱ ሞቱ።

ሦስተኛው «ጆን ኤስ. ማኬይን» ይባላል። ከዚያው አደጋ በኋላ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ሲሆነው፣ በኦገስት 21 ቀን 2017፣ በሲንጋፖር አጠገብ አዛዡ የመሪውን ሰው ሥራ ለማቅለል ብሎ የፍጥነቱ መቆጣጠሪያ ለሌላ መርከበኛ እንዲሰጥ አዘዘ። በዝውውሩ ጊዜ መሪውም ጭምር ሳይታወቃቸው ወደ ሌላው መቆጣጠሪያ ተዛወረ። እነርሱም «መሪው ተበላሸ» ብለው ደነገጡ። መሪው ግን አልተበላሸም ነበር፤ አጠገባቸው ነበረ። በመስተዋት ላይ በጣት እየተነካ የሚሠራውን ያን አዲስ መሣሪያ በሚገባ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ፣ መርከቡ ወደ ግራ ዞሮ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ፊት ገባ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የባሕር ኃይሉ ለፍጥነቱ በእጅ የሚያዘውን የቀድሞውን ዓይነት መቆጣጠሪያ መልሶ ለማስገባት ወሰነ።

እዚህ ላይ «የኮል ሰዎች ጎበዞች፣ የሌሎቹ ሰነፎች ነበሩ» ብለን ብንፈርድ እንሳሳታለን። በፊትዝጄራልድ ላይ ውሃው ሲገባ ሁለት መርከበኞች ከመሰላሉ ሥር ቆመው ጓደኞቻቸውን ወደ ላይ ያሳልፉ ነበር። ውሃው ባየለባቸው ጊዜ ወጥተው፣ እጃቸውን በጨለማው ውሃ ውስጥ ሰደው ሁለት ሰዎችን ጎትተው አወጡ። በአንዲት ሌሊት፣ በአንድ መርከብ ላይ፣ በአንድ በኩል ቸልተኝነት በሌላው በኩል እንዲህ ያለ ታማኝነት ታየ። ይህ ለምን ሆነ? ውሃን ማገድና ጓደኛን ማዳን ዘወትር የተለማመዱት ነገር ነበረ፤ የዘብ ጥበቃው ልምምድ ግን ላልቶ ነበር። ስለዚህ ሙያ ማለት በተፈጥሮ የሚሰጥ ጀግንነት ሳይሆን በየቀኑ የሚታደስ ልማድ ነው።

እኔ ባደግሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የፋኖስ መስተዋት የሚጸዳው በቀን፣ ፀሐይ ሳለ ነበር። ለትንሽ ልጅ ይህ ሥራ ከንቱ ይመስለዋል፤ በቀን ፋኖስ ማን ይሻል? ነገር ግን ሲመሽ መስተዋቱ ጥላሸት ይዞ ቢገኝ፣ በዚያ ሰዓት ማጽዳቱ ጣትን ከማቃጠል በቀር አይጠቅምም። የመርከበኛውም ልምምድ እንዲሁ ነው።

ነገሩ ግን በበታቹ ሠራተኛ ላይ ብቻ አያበቃም። ከእነዚህ አደጋዎች በፊትና በኋላ በተደረገው ምርመራ፣ ጃፓን አገር የሚቀመጡት መርከቦች ያለ ዕረፍት እንደሚሰማሩ፣ የልምምዳቸው ማረጋገጫ ወረቀት ከሦስቱ አንዱ ያህል ጊዜው እንዳለፈበት፣ አንዳንድ መርከበኞችም በሳምንት ከ100 ሰዓት በላይ እንደሚሠሩ ተገልጧል። ያልተኛ ሰው እንዴት ዘብ ሊሆን ይችላል? አለቃ የሆነ ሰው ሠራተኛውን ከኃይሉ በላይ እያዘዘ፣ ጥፋት በሆነ ጊዜ «ሙያ የለውም» ብሎ ቢከስሰው ፍርዱ ቅን አይሆንም። ሌላው እንዲማርና እንዲያርፍ ማድረግም የአለቃ ሙያ ነው።

ከዚህ የሚከብድ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። የጦር መርከብ ሰውን ሊገድል የተሠራ ነውና፣ በእርሱ ላይ የሚታየውን ችሎታ ማመስገን ይገባልን? በጁላይ 3 ቀን 1988 «ቪንሰንስ» የተባለ የአሜሪካ መርከብ (እርሱ ዴስትሮየር ሳይሆን ክሩዘር ነው፤ የራዳሩ ሥርዓት ግን ከነዚህ ጋራ የአንድ ወገን ነው) በሆርሙዝ ሰርጥ ላይ የኢራንን የመንገደኞች አውሮፕላን የጦር አውሮፕላን መስሎት መትቶ ጣለ፤ 290 ሰዎች አለቁ። መሣሪያው አውሮፕላኑ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን በትክክል ያሳይ ነበር። በፍርሃትና በጥድፊያ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ግን «ወደ እኛ እየወረደ ነው» አሉ። መተኮሱን ያውቁ ነበር፤ ተኩሱም አልሳተም። የጎደለው ዓይን ያየውን እንጂ ልብ የፈራውን አለመናገር ነበር። እንግዲህ እጅ ብቻ የሠለጠነበት ችሎታ እውነት ከተለየው የጥፋቱ መጠን ይበዛል። የምናመሰግነው መምታት መቻሉን ሳይሆን፣ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ እጁን መግታት መቻሉን ነው።

በክፍል ውስጥ «ገባችሁ?» ብዬ ስጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «አዎን!» ይሉኝ ነበር። አልፎ አልፎ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ጋሼ፣ እኔስ አልገባኝም» ሲል ሌሎቹ ይሥቁበታል። ለእኔ ግን ከክፍሉ ሁሉ ለሙያ የቀረበው እርሱ ነበር። «ይህን መሣሪያ አላውቀውም»፣ «አዛዡን ልቀስቅስ»፣ «ያየሁት ይህ ነው» የሚሉት ቃላት ትንንሽ ናቸው፤ በዚያች ሌሊት ያለ አንድ ሰው ቢናገራቸው ግን ነፍስ ባዳኑ ነበር።

ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ! ከእናንተ ወደ ባሕር የሚሄደው ጥቂት ነው። ነገር ግን አንዳችሁ መርፌ የምትወጋ ነርስ፣ አንዳችሁ 60 ሰው የሚጭን ሾፌር፣ አንዳችሁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ትሆናላችሁ። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ያሉት ጉራን ለመከልከል ነው፤ እኔም በልብ ያለው ሙያ የሚታወቀው በተራ ቀን ነው ብዬ እጨምራለሁ። የተሰጣችሁን መሣሪያ ጠንቅቃችሁ ዕወቁ። ማንም ባያያችሁም ተራችሁን ጠብቁ። ያላወቃችሁትን «አላውቅም» ለማለት አትፈሩ። አለቃ በሆናችሁም ጊዜ ይህን ቃል የሚነግራችሁን ሰው አታሳፍሩት።