ገበሬው ስለ ምን ያመነታል?

በመቱና በቀሩት የኢሉባቦር ከተሞች ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ የተመረጠ የቡና ዘር ቀርቦለት ወዲያው ባይተክል ሰነፍ ልንለው ይገባናልን? አይገባንም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ለጋውን ፍሬ በዛፉ ላይ ሳለ የሚያጠቍረው የቡና በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፥ የሚቋቋሙት ዛፎች ተፈለጉ፤ 74110ና 74112 የተባሉትም በ1974 ዓ.ም. ከዚያው ከመቱ አካባቢ፥ ከቢሻሪ ተመረጡ። እንግዲህ ዘሩ ለገበሬው ባዕድ አይደለም፤ ከገዛ ምድሩ የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ወይም አራት ዓመት ያስጠብቃል። አሮጌውን የነቀለ አባወራ እስከዚያ ልጆቹን በምን ይመግባል? መካሪው ቢሳሳት ደመወዙ አይቀርበትም፤ ገበሬው ቢሳሳት ግን ጐተራው ይራቈታል። እኛም ጉዳቱን ሳንካፈል «ንቀል» ብንለው ፍርዳችን ቀና አይሆንም። ጥቂት ችግኝ በጓሮው ተክሎ፥ አሮጌውን ሳይነካ የሚጠባበቀውን ሰው የያዘው ለቤተ ሰቡ ያለበት ዕዳ ነው።