«ሾተላይ» የምንላት እናት ጥፋቷ ምንድን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በአንድ የዓረፋ በዓል ወደ ሐይቅ ሄጄ ዘመድ ስጠይቅ፣ አንድ ለቅሶ ቤት ደረስኩ። ልጇ በተወለደ በስድስተኛው ቀን የሞተባት ወጣት እናት ተቀምጣለች። ሦስተኛዋ ነው። ሦስቱም ሲወለዱ ደህና ነበሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጡት እምቢ ብለው፣ አስታውከው፣ ዝለው፣ ተንቀጥቅጠው ሞቱ። የመጨረሻው ደሴ ድረስ ተወስዶ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝቶ ነበር። ጎረቤቱ በሹክሹክታ «ሾተላይ ናት» ይላል። እሷም ጠጋ ብላ፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ልጆቼን የሚበላው የኔ ሆድ ነው?» አለችኝ። የፊተኞቹን ሁለቱን ለሐኪሞቹ ነግራ እንደሆነ ጠየቅኳት። «አፈርኩ፤ ምን ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ» አለች።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ ዝምታ ነው።

የነዚያ ሕፃናት ሕመም ምን እንደነበር ሳይመረመር ማንም ሊናገር አይችልም። «ሾተላይ» በምንለው ስም ሥር ብዙ ነገር ተደብቋል፤ አንዱ የእናትና የልጅ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው። ሌላው በዘር የሚወረስ የምግብ ልውውጥ ጉድለት ነው። ሰውነታችን ምግብን የሚለውጠው ኢንዛይም በተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ አንዱ ሲጎድል ያልተለወጠው ነገር ተጠራቅሞ ሕፃኑን ይመርዛል። በማኅፀን ሳለ የእናቱ አካል ያጸዳለታልና ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል፤ ወተት ሲጀምር ይታመማል። ምልክቱ የደም ኢንፌክሽን ስለሚመስል በቀላሉ ይሳሳታል። ሐኪሙ ከጠረጠረ ግን፣ በብዙዎቹ ዓይነቶች ወተቱን ለጊዜው አስቁሞ ግሉኮስ በደም ሥር መስጠት ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። ለጥርጣሬው ዋናው ፍንጭ ደግሞ የቀደሙት ልጆች ታሪክ ነው። እንግዲህ እኛ የምናወራው ሐሜት የእናቲቱን አፍ ሲዘጋ፣ የሐኪሙንም ዓይን ይዘጋል ማለት ነው።

ጥፋተኛ ፍለጋውስ? አብዛኞቹ እነዚህ ሕመሞች የሚመጡት ጤነኛ የሆኑ ሁለት ወላጆች አንድ ዓይነት ጉድለት ሳያውቁ ተሸክመው ሲገናኙ ነው። በእያንዳንዱ እርግዝና ሕመሙ የመድረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የአባት ድርሻ ከእናት ድርሻ በጥቂቱም አያንስም። የአጎት ልጅ ማግባት ሐላል ነው፤ ነገር ግን ዘመዳሞች ተመሳሳይ ጉድለት የመሸከም ዕድላቸው ከባዕድ ይበልጣልና፣ እንዲህ ያለ ሞት በቤተሰቡ ካለ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ብልህነት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ አንድ ገጠሬ መጥቶ ሚስቱ እሱን የማይመስል ልጅ እንደወለደች በጥርጣሬ ተናገረ። እሳቸው ስለ ግመሎቹ ጠየቁት፤ ከቀያዮቹ መካከል አመድማ ግመል ከየት መጣ ሲሉት፣ ምናልባት የዘር ሐረግ ስቦት ይሆናል አለ። ልጅህም እንዲሁ ይሆናል በማለት መለሱት። ነቢያችን ዘርን አስታውሰው ሴቲቱን ከጥርጣሬ አዳኗት፤ እኛ ግን ዘርን ረስተን እንከሳታለን!

«ሁሉም በቀደር ነው፤ ምርመራ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ። ቀደር እውነት ነው። ሆኖም ኸሊፋው ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሲመለሱ፣ ከአላህ ቀደር ትሸሻለህን ተብለው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መልሰዋል። እ.ኤ.አ በ1934 ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ከእነዚህ ሕመሞች አንዱን የለየው፣ የሁለት ሕሙማን ልጆች እናት ምክንያቱን ካላወቅሁ ብላ ሐኪም ከሐኪም ስለተንከራተተች ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ሕፃናት ከተረከዛቸው በሚወሰድ ጠብታ ደም ለዚያ ሕመም ይመረመራሉ። የዚያች እናት ጥያቄ ለስንቱ ተረፈ!

ሶብር ማለት የሞተውን ለአላህ መስጠት ነው፤ በሕይወት ያለውን ችላ ማለት አይደለም። ባሎች ሆይ፣ ሐኪም ዘንድ ከሚስቶቻችሁ ጋር ግቡ፤ የሞቱትንም ልጆች አብራችሁ ተናገሩ። ጎረቤቶችም ለቅሶ ቤት ስንገባ ምላሳችንን ከደጅ እንተው።

ለዚያች እኅቴ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር፦ «ሆድሽ አልበላቸውም። ለሚመጣው ግን አትፈሪ፤ ሁሉንም ተናገሪ።»

ወላሁ አዕለም።