የአነስተኛ ብድር ተቋማት አስተዳደርና የተጠያቂነት ጥያቄ

ባለአክሲዮኖች፣ የዳይሬክተሮች ቦርድ፣ ሥራ አስኪያጅና ኦዲተር ሥልጣንንና ኃላፊነትን የሚከፋፈሉበት ሥርዓት፣ ማለትም የተቋም አስተዳደር የሚባለው፣ የአነስተኛ ብድርና ቁጠባ ተቋማትን ውጤታማነት ምን ያህል ይወስናል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለኢኮኖሚስቶች የተተወ ነው። ይሁን እንጂ የሰው ገንዘብ በእጁ የገባ ሰው ሒሳብ የሚያስረክበው ለማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ውጤት የሚባለውን ነገር መለካት ስለማይቻል፣ ጥያቄው በመሠረቱ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ኢኮኖሚስቶች የወኪልነት ችግር የሚሉት ነገር አለ፤ ይኸውም ንብረቱ የአንዱ፣ ውሳኔው የሌላው ሲሆን ወሳኙ ለራሱ ጥቅም ሊያደላ የሚችልበት ሁኔታ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ችግር የራሱ መልክ አለው። አዋጅ ቁጥር 40/1988 እና እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 626/2001 ተቋማቱ በአክሲዮን ማኅበርነት ተቋቁመው በብሔራዊ ባንክ ፈቃድና ቁጥጥር እንዲሠሩ ደነገጉ፤ ከትልልቆቹ መካከል ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምና ሲንቄ ባንክ የሆነው የኦሮሚያው ግን ዋና ባለአክሲዮኖቻቸው የክልል መንግሥታትና ከክልሉ ጋር የተሳሰሩ ማኅበራትና ድርጅቶች ነበሩ። ይህ ባለቤትነት ብድርን ባንክ ወዳልደረሰባቸው ወረዳዎች ማድረሱ የማይካድ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የሚሰጠው ተወካይ ተቋሙ ቢከስር ከኪሱ የሚጎድልበት ነገር የለም፤ የምትጎዳው በየወሩ ጥቂት ብር የምትቆጥበው ገበሬ ወይም የጉልት ነጋዴ ስትሆን፣ እሷ ደግሞ በጉባኤው ወንበር የላትም።

በባንግላዴሽ በ1983 እ.ኤ.አ. ባንክ ሆኖ የተቋቋመው ግራሚን ለረጅም ዓመታት ከ13 የቦርድ መቀመጫዎች 9ኙን ተበዳሪዎች ለመረጧቸው አባላት ሰጥቶ ነበር፤ ይህ ለጥያቄው የተሰጠ እጅግ ድፍረት ያለው መልስ ነው። ሮይ መርስላንድና ኦይስታይን ስትሮም በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ በብዙ አገሮች ተቋማት ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ የአገሬው ተወላጅ የቦርድ አባላት፣ ለቦርዱ ሪፖርት የሚያደርግ የውስጥ ኦዲተርና ሴት ሥራ አስኪያጅ መኖር ከተሻለ የፋይናንስ ውጤት ጋር አብሮ እንደሚገኝ ሲያሳይ፣ በበጎ አድራጎት ድርጅትነትና በአክሲዮን ማኅበርነት መካከል ግን ልዩነት አላገኘም። በደንብ የሚመራ ተቋም ራሱ ጥሩ ኦዲተር ይቀጥር ይሆናልና ምክንያቱ የትኛው፣ ውጤቱ የትኛው ነው ማለት ቀላል አይደለም። ቢሆንም ከሕጋዊው ቅርጽ ይልቅ ቅርብ ሆኖ የሚያይና የሚጠይቅ ሰው መኖሩ እንደሚበልጥ መገመት ይቻላል።

የሃይማኖት መጻሕፍት ይህን ነገር ከረጅም ዘመን በፊት በጥልቀት ነክተውታል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተነገረው መጋቢ ሹመቱ ሊወሰድበት መሆኑን ሲያውቅ የጌታውን ባለዕዳዎች አንድ በአንድ ጠርቶ የ100 ማድጋ ዘይቱን ዕዳ 50፣ የ100 ቁና ስንዴውን 80 ብለው እንዲጽፉ ያደርጋል። ጌታው ለምን እንዳመሰገነው መተርጉማን ብዙ ተከራክረዋል፤ ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን የዕዳውን መዝገብ የያዘው ሰው ባለቤቱ ሳያይ መዝገቡን መለወጥ መቻሉ ነው። የዛሬው የቅርንጫፍ ኃላፊም ጊዜው ያለፈበትን ብድር በአዲስ ብድር አስከፍሎ የተበላሸው ብድር በሪፖርት እንዳይታይ ማድረግ ይችላል፤ የውስጥ ኦዲተሩ የሚታዘዘው ለሥራ አስኪያጁ ከሆነም ይህን የሚገልጥ አይኖርም። በቁርኣን ረጅሙ የሆነው የሱረቱል በቀራህ 282ኛ አንቀጽ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍና ምስክር እንዲቆም ካዘዘ በኋላ ቃሉን የሚያስጽፈው ተበዳሪው እንዲሆን፣ እሱ ካልቻለም አሳዳጊው እንዲያስጽፍለት ይደነግጋል። ውሉ በዋናው መሥሪያ ቤት ታትሞ መጥቶ ማንበብ የማትችል ሴት አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ የምታሳርፍበት ሥርዓት ከዚህ ምን ያህል እንደራቀ የቦርድ አባላት ሊያስቡበት ይገባል።

ብዙ ቦርዶች የሚመኩበት መለኪያ የብድር አመላለስ ነው። በቡድን ዋስትና፣ ማለትም ጎረቤታሞች አንዳቸው ለሌላቸው ዋስ በሚሆኑበት አሠራር፣ በክፍያው ቀን የአንዷ ሲጎድል ሌሎቹ ይሞላሉ፤ ለፋሲካ ታስቦ የሚቀለበው በግ ያለ ጊዜው ገበያ ይወጣል፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ብር ይመጣል፤ በሪፖርቱ ግን ሁሉም በወቅቱ ተከፈለ ተብሎ ይጻፋል። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ አመላለሱ እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ በዚያው ዓመት የተደራረበ ዕዳና የሰብሳቢዎች ጫና ገሃድ ወጥቶ የግዛቱ መንግሥት እገዳ ሲጥል ክፍያው በአጭር ጊዜ ወደቀ። ቁጥሩ ሐሰት አልነበረም፤ የተከፈለው ከየት መጥቶ እንደሆነ ግን አይናገርም ነበር።

ስለዚህ ኦዲተሩ መዝገብ ከማመሳከር አልፎ በናሙና የተመረጡ ተበዳሪዎችን በየቀያቸው እንዲጠይቅና ያገኘውን ሥራ አስኪያጁ ሳይነካው ለቦርዱ እንዲያቀርብ፣ ቆጣቢዎችም በቦርዱ የሚወክላቸውን ሰው ራሳቸው እንዲመርጡ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ወጪ አለው፤ ወጪው በወለድ ላይ ከተጨመረ የሚከፍሉት ድኾቹ ራሳቸው ስለሚሆኑ፣ ከባለአክሲዮኖች የትርፍ ድርሻ ላይ መነሳት ይኖርበታል።