ለሜዳልያ የማይከፈል ዋጋ አለን?



ከሌላው ልቆ ለመገኘት መመኘት ክፉ ነውን? አይደለም። ተማሪ አንደኛ ለመውጣት፣ ስፖርተኛም ለማሸነፍ ባይመኝ ኖሮ መክሊቱን እንደ ቀበረው ሰው በሆነ ነበር። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም የተመኘነውን ለማግኘት ልንከፍለው የማይገባን ዋጋ አለን? የሚለው ነው። ይህንም በአንዲት የሻሞላ ግጥሚያ ሻምፒዮን ሕይወት እንመርምር።

ሄሌነ ማየር እ.ኤ.አ. በ1910 በጀርመን ሀገር ተወለደች፤ ከተማዋም ኦፈንባኽ ነበር። አባቷ አይሁዳዊ ሐኪም፣ እናቷ ክርስቲያን ነበሩ። የምትወዳደረው ፎይል በሚባለው ቀጭን ሻሞላ ነው። በዚህ ግጥሚያ ነጥብ የሚገኘው የሻሞላው ጫፍ የተጋጣሚን ደረት፣ ሆድ ወይም ጀርባ ሲነካ ስለሆነ፣ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥትንና ፈጣን አእምሮን ይጠይቃል። ሄሌነ በ1928 በአምስተርዳም ኦሊምፒክ ገና በ17 ዓመቷ የወርቅ ሜዳልያ አገኘች። በ1932 በሎስ አንጀለስ 5ኛ ወጣች፤ ከዚያም ለትምህርት በካሊፎርኒያ ቀረች።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። በአባቷ ዘር ምክንያት በኦፈንባኽ የነበረው ክለቧ ከአባልነት ሰረዛት፤ የትምህርት ድጎማዋም ተቋረጠ። ዳሩ ግን የ1936 ኦሊምፒክ በበርሊን የሚደረግበት ጊዜ ሲቃረብ ነገሩ ተለወጠ። ጀርመን አይሁድን ከቡድኗ ታገልላለች በማለት፣ አሜሪካ ከውድድሩ እንድትቀር ብዙዎች ይጠይቁ ጀመር። ስለዚህ ለናዚዎች ለዓለም የሚያሳዩት ሰው አስፈለጋቸው፤ ትናንት የተሰረዘችውንም ሄሌነን ጠሩ። እርሷም ጥሪውን ተቀብላ ለጀርመን ተጋጠመች፤ የአይሁድ ዘር ባላት በሐንጋሪያዊቷ በኢሎና ኤሌክ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች። በሽልማቱ መድረክ ላይም ቀኝ እጇን ዘርግታ የናዚን ሰላምታ ሰጠች።

ጠበቃ የሚቆምላት ሰው ሁለት ነገር ሊል ይችላል። አንደኛ፣ የስፖርተኛ ሥራ መወዳደር ነው እንጂ የመንግሥትን ኃጢአት መመርመር አይደለም። ሁለተኛ፣ እናቷና ወንድሞቿ በጀርመን ነበሩ፤ እርሷም በተወለደችበት ሀገር እንደ ሙሉ ዜጋ ለመቆጠር ትሻ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከባድ ነው። በእርሷ ቦታ ያልቆመ ሰው ድንጋይ ለማንሣት አይቸኩል።

የመጀመሪያው ምክንያት ግን አያስኬድም፤ ከእርሷ የተፈለገው የሻሞላ ችሎታዋ ብቻ አልነበረምና። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ግሬተል በርግማን የተባለች አይሁዳዊት ወጣት 1.60 ሜትር ከፍታ ዘልላ የጀርመንን ክብረ ወሰን ተስተካከለች። ነገር ግን የአሜሪካ ቡድን በመርከብ ጉዞ ከጀመረ በኋላ ከቡድኑ እንደ ቀረች የሚገልጥ ደብዳቤ ደረሳት። አንዷ ለእይታ ቀረበች፤ ሌላዪቱ ተሸሸገች። በርግማንን ያስወጣቻት ሄሌነ አይደለችም። ሆኖም «አይሁድን ታገልላላችሁን?» ተብለው ለሚጠየቁት፣ የሄሌነ ስም መልስ ሆነላቸው። በብዙ ልፋት ያገኘችው መልካም ስም ለሌሎች ግፍ መጋረጃ ሆኖ አገለገለ።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይህ አነጋገር ግን ገበታው የማን እንደሆነ፣ ማንስ ከገበታው እንደ ተነሣ አይጠይቅም። እኛ ግን መጠየቅ አለብን። ሹመት፣ ሽልማት ወይም ልዩ ዕድል ሲቀርብልን ሁለት ነገር እንመርምር፤ የተፈለገው ሥራዬ ነው ወይስ ስሜ? እኔ በዚህ ቦታ በመታየቴ የማን በደል ይሸፈናል? በራሳችን ድካም፣ በራሳችን እንቅልፍና ላብ የሚከፈለውን ዋጋ ሁሉ ልንከፍል እንችላለን። የሌላውን ሰው እውነት ግን አሳልፈን ልንከፍል አይገባንም፤ የእኛ ገንዘብ አይደለምና።

ሄሌነ ከበርሊን በኋላ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። በ1937 በፓሪስ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ የአሜሪካን ሻምፒዮናም በጠቅላላው 8 ጊዜ አሸነፈች። በ1953 በ42 ዓመቷ አረፈች። ሻሞላ በመያዝ ታላቅ እንደ ነበረች ማንም አይክድም፤ ስሟ ሲነሣ ግን ያች የተዘረጋች እጅ አብራ ትነሣለች። የበርግማን 1.60 ሜትር በጀርመን መዝገብ የታወቀላት በ2009፣ እርሷ 95 ዓመት ከሆናት በኋላ ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ እንመኝ፤ ያለ ድካምም እንትጋ። ነገር ግን ወደ መድረኩ ከመውጣታችን በፊት ከመድረኩ በታች የቀረውን ወንድማችንንና እኅታችንን ዞር ብለን እንመልከት።