አህያ ሳይኖራት ከጅብ ለተጣላች ልጅ

ልጄ፣ የቀረጽሽውን አሳዩኝ። እህል በረንዳ አጠገብ ከነጭነቷ የወደቀችውን አህያ፣ ጎኗን በዱላ የሚነርተውን ልጅ፣ ዳር ቆሞ የሚያየውን ሰው፣ ሁሉንም አየሁ። ውሎ ሳያድር አገር ምድሩ ተቀባብሎት «ይታሰር»፣ «ኩንታሉ እሱ ላይ ነበር መጫን» ይባል ጀመር። እናትሽ እህል መቅመስ እንዳቃተሽ ብትነግረኝ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

«አህያም የለኝ፣ ከጅብም አልጣላ» ይባላል። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ወድጄው ግን አላውቅም። ሌላው ሲበደል አይቶ ለሚያልፍ ሰው መሸሸጊያ ሆኗል። አንቺ አህያ ሳይኖርሽ ከጅብ ተጣላሽ፤ ደግ አደረግሽ። አስቀድሜ ይህን ማለቴ ቀጥሎ የምነግርሽ ቁጣሽን ለማብረድ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ቁጣሽን አልነካብሽም። መንገዱን ግን ላሳይሽ።

በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የሆነውን አንቺ ልጅ ስለነበርሽ አታስታውሺው ይሆናል። ባለቤቶቹ ቻይናውያን የሆኑ የአህያ ቄራ ሥራ ጀመረ። ቆዳው ተቀቅሎ «ኢጂያዎ» የሚሉት መድኃኒት ይሆናል፤ በቻይና ብዙ ፈላጊ አለው። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የከተማው አስተዳደርም ቄራውን ዘጋው። ያ ቁጣ የእውነት ነበር፤ ግን በውስጡ ያልተቀላቀለ ነገር አልነበረም። የአህያ ሥጋ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ነውር ስለሆነ ስሙ ሲነሳ የሚያንገሸግሸው ነበር። ሥጋው ከበሬ ሥጋ ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥብናል ብሎ የሰጋ ነበር። የውጭ ሰው መጥቶ በአገራችን ይህን ይሠራል ወይ ብሎ የነደደ ነበር። ገበሬው ደግሞ አህያ ይወደድብኛል፣ ከደጄም ይሰረቅብኛል አለ። ከሁሉም የገበሬው ስጋት ይከብዳል። አህያ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ነው የምትወልደው። ቄራ በየቀኑ የሚፈጀውን በዚህ አካሄድ ማን ይተካዋል?

በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለው አገር የለም፤ ስለዚህ ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ሌሎችም የአፍሪካ አገሮች ያንኑ ጩኸት ጮኹ፤ በየካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድን በአህጉሩ አገዱ። ቁጣ ፍሬ አያፈራም የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው።

ይሁንና ያን ሰሞን የቄራውን ወሬ እየሰማ ደሙ የሚፈላው ሰው፣ ጤፉን ያደረሰችለት አህያ ጀርባዋ ገጥቦ፣ ዝንብ እየወረራት ከደጁ ስትቆም አላያትም። እንዴት አላያትም? ስለለመዳት ነው። በደለኛው ሩቅ ሲሆን፣ ነገሩም እኛ የማናደርገው ሲሆን ቁጣችን ይፈጥናል። የእኛ እጅ ያለበት ሲሆን ዓይናችን ይደክማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዘገየ ጩኸት ነው፤ ጅቡ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ወደ ውጭ ለሚጮኸውስ ምን ተረት እንፈልግለት?

አሁን ወደ ልጁ ልመልስሽ፣ ወደ ባለዱላው። ያደረገው ጭካኔ ነው፤ ጭካኔ አይደለም አልልሽም። ነገር ግን አህያዋ የእሱ ላትሆን ትችላለች። የሚከፈለው በጭነቱ እንጂ በምልልስ አይደለም፤ ሁለቴ የሚሄደውን አንዴ ካልሄደ ለራቱ አይተርፈውም። ነጋዴው ማዳበሪያው በአንድ ጊዜ እንዲነሳለት ይፈልጋል። ገዢው፣ ማለትም እኔና እናትሽ፣ የማጓጓዣውን ዋጋ እስክናስቀንስ ድረስ እንከራከራለን። ያ ሁሉ ክርክር መጨረሻው የት ላይ እንደሚያርፍ አስቢው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። አገሩ ሁሉ በዚያ ልጅ ላይ የወረደው እሱን መርገም ወጪ ስለሌለው ይመስለኛል። ተሰብስቦ አንድ ሰው መኮነን ኮናኙን ንጹሕ ያደርገዋል፤ ሰው ንጹሕ ነኝ ብሎ ማደር ይወዳል። እንዲህ ያለው ቁጣ ደግሞ ዕድሜ የለውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ ሌላ ወሬ ሲመጣ ልጁም አህያዋም ይረሳሉ።

ኦሪት ዘፀአት ላይ የሚጠላህ ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አትለፈው የሚል ትእዛዝ አለ፤ ምዕራፍ 23 ላይ ታገኚዋለሽ። ትእዛዙ ባለቤቱን ገስጸው አይልም። አብረኸው አንሳ ነው የሚለው፤ ከምትጠላው ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥመህ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እንደተፈረደባት፣ ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ደግሞ ምሕረት እንዳገኘ ከነቢያቸው ተቀብለው ለልጆቻቸው ይነግራሉ። በሁለቱም ቤት ነገሩ ትንሽ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

ሌላ አገርም ይህን መንገድ የሄዱበት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1822 የእንግሊዝ ፓርላማ ከብትና የጋማ ከብትን በጭካኔ መደብደብ የሚያስቀጣ ሕግ ሲያወጣ፣ ሕጉን ያመጣው ሪቻርድ ማርቲን የሚባል የምክር ቤት አባል ነበር። ሰውየው ሕጉን አውጥቶ አልተቀመጠም፤ ደብዳቢዎችን ራሱ ፍርድ ቤት ያቆም ነበር። ተከሳሹ ድሃ ሲሆን ግን መቀጫውን ከገዛ ኪሱ የከፈለበት ጊዜ እንደነበር ይነገርለታል። እኔ የማርቲንን ነገር የምወደው ለዚህ ነው፤ ጥፋቱን ጥፋት ብሎ፣ ድህነቱንም ድህነት ብሎ ለሁለቱም የሚገባቸውን ሰጠ።

«ሰው እየተራበ ስለ አህያ ታለቅሻለሽ?» የሚሉሽ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አትናደጂባቸው፤ መልስ ግን አለሽ። እ.ኤ.አ. በ1874 ኒውዮርክ ውስጥ አንዲት ሕፃን በምታድግበት ቤት ስትደበደብ የሚያስጥላት ጠፋ። በመጨረሻ የተደረሰላት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር መሥራች በነበረው በሄንሪ በርግና በጠበቃው በኩል ነው፤ ሕፃናትን ከጭካኔ የሚጠብቀው የከተማው ማኅበርም ከዚያ ተወለደ። ወደ አገራችንም ስትመጪ፣ አህያ ስትሞት ውሃውና እንጨቱ የት እንደሚሄድ ገጠር ወርደሽ ተመልከቺ። የሚሄደው ወደ እናቶችና ወደ ልጃገረዶች ጀርባ ነው። ለአህያዋ የምታዝኚው ሐዘን ከሰው ተሰርቆ የተወሰደ አይደለም።

«ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላልና፣ ምን ላድርግ ብለሽ ለጠየቅሽው የማውቀውን ልንገርሽ። የጀርባ ቁስል ሁልጊዜ ከዱላ አይመጣም። አብዛኛውን የሚያመጣው አጫጫኑ ነው። ማዳበሪያው ከባዶ ጀርባ ላይ ተጥሎ በናይሎን ገመድ ሲጠፈር፣ ገመዱ ከደረቷ ስርና ከጭራዋ በታች እየፈተገ ቆዳዋን ይልጠዋል። ግራና ቀኙ ካልተመዛዘነ ደግሞ ክብደቱ አከርካሪዋ ላይ ይተኛል፤ በማግስቱ በዚያው ቁስል ላይ ሌላ ጭነት ይመጣበታል። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አከርካሪውን ሳይነካ በሁለቱ ጎን የሚያርፍ ወፍራም መደላድል፣ በቀጭን ገመድ ፋንታ ሰፋ ያለ ጠፍር፣ ለቁስሉ ንጹሕ የጨው ውሃ። ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያሉ ሐኪሞች ይህን ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ «ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ» የተባለው የእንግሊዝ ድርጅትም ለዓመታት አህዮችን በነጻ ሲያክም ቆይቷል። አስቸጋሪው ዕረፍቱ ነው። ቁስሉ እስኪድን አህያዋ መጫን የለባትም፤ አህያዋ ካልተጫነች ደግሞ ባለቤቷ ጦሙን ያድራል። ጭካኔ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እዚህ ቦታ ነው። ያንቺና የጓደኞችሽ ገንዘብ ሥራ ካለው ሥራው እዚህ ነው፤ ለአንዲት አህያ የዕረፍት ቀናት መክፈል፣ ለአንድ ነጂ መደላድል ማሰፋት።

የወደቀች ስታገኚ ደግሞ ስልክሽን ቶሎ አታውጪ። ነጂውን «ና እናንሳት» በዪው፤ ተሳድቦ ቢመልስልሽም ድገሚለት። በጆሮዋም በጭራዋም አትጎትቷት። መጀመሪያ ገመዱ ይፈታ፣ ጭነቱ ይውረድ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ትቆይ፣ ውሃ ካገኛችሁ አጠጧት። ከተነሳች በኋላ ጭነቱ በሁለት ምልልስ እንዲሄድ ንገሪው፤ የሁለተኛውን ዋጋ ባለ ጭነቱ እንዲከፍል አንቺ ተከራከሪለት። ዱላውን ደጋግሞ የሚያነሳ፣ ተመክሮ የማይሰማ ከሆነ ያን ጊዜ ለደንብ አስከባሪ አመልክቺ፤ ምስሉም ያኔ ይጠቅምሻል።

የቀረጽሽውን ልጅ ፈልጊው። ስሙን ጠይቂው፣ አህያዋ የማን እንደሆነች ጠይቂው፣ ስንት እንደሚከፈለው ጠይቂው። ፊቱን አገር አይቶታልና ምናልባት ሥራ አጥቶ ይሆናል፤ ከሆነ ለእሱም መላ እንፈልጋለን። ለእናትሽ ነግሬያታለሁ፤ በሚመጣው ወር ጤፍ ስናስመጣ በማጓጓዣው ዋጋ ማንም አይከራከርም፤ የምከፍለው እኔ ነኝ፣ የምከፍለውም ለሁለት አህያ ነው።