ያልታየና የሌለ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ፣ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት በመኪና መስኮት እያየ ቢቆጥር ምን ያገኛል? ቆርቆሮ የለበሰው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ዛሬ ቁጥሩ እያነሰ የሄደው ሣር ክዳን ግን፣ መንገድ ዳር ካልሆነ በቀር፣ በጽድና በወይራ ተጋርዶ ይቀራል። ሰውዬው ማታ ደብተሩን ገልጦ «በሩቅ ያሉት ሁሉ የቆርቆሮ ናቸው» ቢል፣ ዋሸ እንበል? የጻፈው እኮ ያየውን ነው።

በእኛው ጋላክሲ፣ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ ግዙፍ የከዋክብት ክምችቶችን የሚቆጥሩ ሊቃውንትም ፈተናቸው ይኸው ነው። «ግዙፍ» የሚሉት የ10,000 ፀሐዮችን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቁስ የያዘውን ነው። ይህን የሚያህል ነገር እንዴት ይሰወራል? ስዊድናዊው ቤንግት ቬስተርሉንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ከአውስትራሊያ ሆኖ ያገኘውና በስሙ የሚጠራው ክምችት፣ በመካከል ባለው አቧራ የተነሣ፣ ለዓይን ከሚታየው ብርሃኑ ከ10,000 አንድ እጁ እንኳ አይደርሰንም። የቆሙበት ስፍራም ያዳላል፤ ይህ ክምችት ከስዊድን ሰማይ ፈጽሞ አይወጣም፣ በደብረ ማርቆስ ሰማይ ግን በደቡብ በኩል ይወጣል። እኛም ብንሆን መጋረጃ አላጣንም። የፍኖተ ሐሊብ እምብርት በምሽት ጎልቶ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ፣ የጎጃም ሰማይ በደመና በተከደነበት ወራት ነው።

አቧራውን ዘልቆ የሚያልፈው ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 በአሪዞናና በቺሊ የነበሩ ሁለት ቴሌስኮፖች መላውን ሰማይ በዚህ ጨረር አነሡት። በእነዚህና በመሰል ምስሎች እየተመሩም በ2006 ከአቧራው ጀርባ 14 ቀያይ ግዙፍ ከዋክብትን ያቀፈ ክምችት ይፋ ሆነ።

የቀረውን ለመገመትም ዘዴ አላቸው። በኮምፒዩተር የፈጠሯቸውን ሐሰተኛ ክምችቶች በእውነተኛው ምስል ላይ ይዘሩና እንደ ገና ፍለጋ ይገባሉ። ከ100 ዘርተው 40 ካገኙ፣ በሰማይ ያገኟቸው 40 የ100 ምልክት ናቸው ማለት ነው። ያላዩትን መቁጠር ድፍረት አይደለምን? ለእኔስ የባሰው ድፍረት ያላዩትን ዜሮ ብሎ መመዝገብ ነው፤ ዜሮም ግምት ነውና።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ዘሩን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው፤ የሚዘሩትም ከዚህ ቀደም ያወቁትን ዓይነት ነው። ደማቅ ከዋክብቱ ሞተው ያለቁበት አሮጌ ክምችት ከዘሩ መካከል ካልገባ፣ መጥፋቱም አይታወቅም። መንገደኛችንስ ቢሆን፣ ሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ ደብተሩን በምን ያርማል?